ባልጠይቅህ ኖሮ ታያት ነበር?

ጥያቄውን የጠየቁኝ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። አሸንፌያቸው፣ ከአዳራሹ ወጥተን ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ የቼዝ ጨዋታችንን ከመጀመሪያው እየደገምነው ነበር። ወሳኟ ቦታ ላይ ስንደርስ እጃቸውን ከቦርዱ አነሱና «እሺ፣ እሱስ ይሁን። ግን ባልጠይቅህ ኖሮ ታያት ነበር?» አሉኝ። ሳቅኩ። የሳቅኩት መልስ ስላልነበረኝ ነው። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ሻያቸውን እያማሰሉ ጠበቁኝ። እኔም ወሬውን ቀየርኩት።

ይኸው ስንት ጊዜው፣ ጥያቄው አልለቅ ብሎኛል። ታክሲ ስጠብቅ ብቅ ይላል። ሌላ ጨዋታ ላይ ተቀምጬ፣ ገና ሳልጀምር ብቅ ይላል። ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ነው።

ነገሩ የሆነው ደብረ ማርቆስ ነው፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ። የቅዳሜና እሑድ ውድድር ነበር። ከደጀን፣ ከቢቸና፣ ከሞጣ የመጡ ልጆች አዳራሹን ሞልተውታል። ባሕር ዳር ላይ ለሚደረገው ውድድር የሚሄዱት የሚለዩት እዚህ ነው። የመጨረሻው ዙር ላይ እኔና መምህሩ ተደለደልን። እኔ ቀደም ብዬ ተሸንፌ ከሂሳቡ ወጥቻለሁ። እሳቸው ግን ግማሽ ነጥብ ብቻ ነው የቀራቸው። አቻ ከወጡ ይሄዳሉ። ከተሸነፉ የሚሄደው ከኋላቸው ያለው ልጅ ነው።

ይህን ሁሉ ሰው ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም እንደማውቅ ያውቃሉ። ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ናቸው፤ የማርቆስ ብርድ እንደሆነ አዳራሽ ውስጥ ነኝ ብለህ አያዝንልህም። እጄን ጨበጡኝና ሰዓቱ ተነሳ።

ሦስተኛዋ እርምጃ

ጥቁር ነበርኩ። እሳቸው የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ገፉ፣ እኔ የእኔን አንድ ቤት። ይህ ፍሬንች ዲፌንስ የሚባለው ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1834 የለንደንና የፓሪስ ተጫዋቾች በደብዳቤ ሲጋጠሙ ፓሪሶቹ ስለተጫወቱት ነው። ቼዝ የምትጫወቱ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ታፍነህ ትቀመጣለህ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ የነጩን መሀል ትቆረጥማለህ። እኔ የምወደው ነጩ ወታደሩን ወደ ፊት ገፍቶ ቦርዱ ሲዘጋ ነው። ያኔ ማን ምን እንደሚፈልግ ይታወቃል፤ እሱ በንጉሡ በኩል ይመጣል፣ እኔ በንግሥቲቱ በኩል። እስከ እኩለ ሌሊት ያጠናሁትም እሱን ነበር።

መምህሩ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ወታደሬን በሉ። እኔም በላሁ። አለቀ። ኤክስቼንጅ ቫሪዬሽን ይባላል። መሀል ላይ የተፋጠጡት ሁለት ወታደሮች ይበላሉ፣ ከዚያ የነጭና የጥቁር አሰላለፍ ቁጭ አንድ ዓይነት ይሆናል። የተለየው ነጭ አንድ እርምጃ መቅደሙ ብቻ ነው። ተጫዋቾች ይህን ሲያዩ «አቻ ፈላጊ» ይላሉ። እኔም በሆዴ አልኩ። እንዲያውም ትንሽ ተናደድኩ፤ ያ ሁሉ ጥናት ገደል ገባ።

በነገራችን ላይ ይህ ኦፕኒንግ፣ ማለትም አጀማመር፣ ስሙ የጠፋውን ያህል ሰላማዊ አይደለም። ታዋቂው ተጫዋች ኮርችኖይ እ.ኤ.አ. በ1978 ቤርሼባ ላይ በዚሁ መስመር ታታይ የሚባለውን ጣሊያናዊ በጥቁር በ14 እርምጃ ጠርጎታል። ንግሥቱን ሄዶ ጂ3 ላይ (የቦርዱ ቤቶች በፊደልና በቁጥር ይጠራሉ)፣ ነጩ ንጉሥ ደጃፍ ላይ አቆማት። ማንም ሊበላት አይችልም፤ አንዱ ወታደር ቀድሞ ወደ ፊት ሄዷል፣ ሌላው በቢሾፕ፣ በሰያፍ በሚሄደው ዕቃ፣ ታስሯል፤ ከተነሳ ንጉሡ ይጋለጣል። ይህን ጨዋታ ያየ ሰው «ኤክስቼንጅ ያንቀላፋል» አይልም። ግን እኮ ብዙ ሰው የሚያየው ጨዋታውን ሳይሆን ስሙን ነው፤ እኔንም ጨምሮ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የጥንቱን የእኛን ቼዝ፣ ሰንጠረዥን፣ የሚያውቅ ያውቃል፤ አፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰው ጋር ይጫወቱት ነበር ይባላል። አጀማመሩ ወረራ ነው። ተራ መጠበቅ የለም። ሁለቱም እጃቸው እንደፈጠነ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ የባላጋራህን አሰላለፍ እያየህ የራስህን ትቀይራለህ። ወረራው የሚያበቃው የመጀመሪያው መብላት ሲመጣ ነው። ከዚያ በኋላ ተራ በተራ፣ በጥሞና። ማለትም ለአባቶቻችን የመጀመሪያው መብላት ጨዋታው ከምር የሚጀምርባት ሰዓት ነበረች። እኛ ደግሞ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ሲበላ አይተን «ይሄማ አለቀ» እንላለን።

ግራና ቀኝ

ቀጥሎ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ብዙ የሚወራበት አይደለም። ፈረስ አወጡ፣ አወጣሁ። ቢሾፕ አወጡ፣ አወጣሁ። ካስል አደረጉ፣ ማለትም ንጉሣቸውን ወደ ጥግ ሸሸጉ፣ እኔም አደረግኩ። ቢሾፓቸው ፈረሴን አሰረው፣ ቢሾፔ ፈረሳቸውን አሰረው። ንግሥታቸው ሲ2 ላይ ወጣች፣ የኔዋ ሲ7 ላይ። ሩካቸው (ግንቡ) ወደ ኢ1፣ ሩኬ ወደ ኢ8። ከጎን ሆኖ ያየን አንድ ልጅ «ጋሼ ሲያስነጥሱም ያስነጥሳል» ብሎ ጓደኛውን ሲያስቀው ሰምቻለሁ።

ኮፒ ማድረግ ቀላል ይመስላል። ሥራ የለውም፣ ማሰብ የለውም፤ ሰውዬው ያደረገውን ማድረግ ነው። እንዲህ እያልኩ ነበር የምጫወተው። ዐይኔ አንዳንዴ የግድግዳው ሰዓት ላይ ነው። ምሳ ሰዓት ደርሷል። መምህሩም አቻውን ጠይቀው እንዲገላግሉኝ እየጠበቅኩ ነበር ብል አልዋሸሁም። ቢጠይቁኝ እቀበል ነበር። ይህን አስምሩበት፣ ኋላ ያስፈልገናል። አምስተኛው እርምጃ ላይ ቢጠይቁኝ እቀበል ነበር፣ አሥረኛው ላይም እንዲሁ።

አልጠየቁም። ሩኩን በሩክ በሉ። በላሁ። ሁለተኛውን ሩክ አመጡ። እሱንም በላሁት፣ ቼክ፤ ንጉሣቸው ተነካ። መልሰው መብላት አለባቸው፤ መብላት የሚችለው ደግሞ ኤፍ3 ላይ ያለው ፈረስ ብቻ ነው። ሌላ ምርጫ የላቸውም።

ፈረሱን አነሱ። ኢ1 ላይ አስቀመጡት። ግን እጃቸው ከፈረሱ ላይ ቶሎ አልተነሳም። ጣታቸው የፈረሱን ጆሮ እንደያዘ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ለቀቁትና ሰዓቱን ሳይጫኑ ቀና ብለው አዩኝ። «በቃ፣ እንታረቅ ልጄ» አሉ። ሰዓቱን ተጫኑ። እጃቸውን ቦርዱ ላይ ዘረጉ።

የተዘረጋ እጅ

ሥርዓቱን ጠብቀዋል። አቻ የሚጠየቀው እንዲሁ ነው፤ እርምጃህን ትጫወታለህ፣ ትጠይቃለህ፣ ሰዓቱን ትጫናለህ። የተጠየቀው ሰው ይቀበላል፣ ወይም አልቀበልም ይላል፣ ወይም ዝም ብሎ የራሱን እርምጃ ይጫወታል። መጫወቱ ራሱ እምቢታ ነው። ሕጉ ይህን ያህል ደረቅ ነው። ሕጉ ውስጥ የሌለው የተዘረጋው እጅ ነው። ጎጃም ተወልደህ፣ ሽበት ያለው ሰው እጁን ዘርግቶልህ፣ የአንተ እጅ ጭንህ ላይ ሲቀር ምን እንደሚመስል ለማንም መንገር አያስፈልገኝም። ቦርዱ ዙሪያ የቆሙት ልጆች እንኳ እኔን እንጂ ቦርዱን ማየት ትተዋል።

እጄ ተነስቶ ነበር። እውነቴን ነው፣ ልጨብጣቸው ተነስቶ ነበር። መሀል ላይ ግን አንድ ሐሳብ አቆመኝ። ለምን አሁን? ግማሽ ነጥብ የሚፈልግ ሰው አምስተኛው እርምጃ ላይ ይጠይቃል። አሥረኛው ላይ ይጠይቃል። ሩኮቹ ከመበላላታቸው በፊት ይጠይቃል። እኚህ ሰው ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ብለው፣ ጣታቸው ፈረሱን አልለቅ ካለ በኋላ ነው የጠየቁኝ። «አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው» ይባል የለ? አያያዛቸውን አየሁት።

ዐይኔን ከእጃቸው አንስቼ ፈረሱ ተነስቶ የሄደበትን ቤት አየሁ። ኤፍ3 ባዶ ነው። ያ ፈረስ ምን ይጠብቅ ነበር? ኤች2ን፣ የንጉሡን ደጅ ወታደር። አሁን ማን ይጠብቀዋል? ንጉሡ ብቻ። የኔ ቢሾፕ ዲ6 ላይ ነው፣ ኤች2ን ያያል። ንግሥቴ ሲ7 ላይ ናት፣ እዚያው መስመር ላይ ከቢሾፑ ጀርባ። ቢሾፑ ቢበላ ንጉሡ መልሶ አይበላም፣ ምክንያቱም ንግሥቲቱ ከኋላ አለች። ቼክ ነው፣ ወታደርም በነፃ ነው። ይኸው ነው። ጥልቅ ነገር የለውም፤ ከጀመረ ስድስት ወር የሆነው ልጅ ሊያያት ይችላል። ግን እስከዚያች ደቂቃ አላየኋትም ነበር።

ቢሾፑን አንስቼ ኤች2 ላይ ያለውን ወታደር በላሁ። ሰዓቱን ተጫንኩ። አንድም ቃል አልተናገርኩም። እጃቸው ትንሽ እንደተዘረጋ ቆየና ቀስ ብሎ ወደ ካፖርታቸው ኪስ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፣ አሰልቺም ነው። ንጉሣቸውን ወደ ጎን ሸሸት አደረጉ። ቢሾፖቹን አለዋወጥኩ። አንድ ወታደር ትርፍ ይዤ መጎተት ጀመርኩ። ብዙ ሰው ምሳውን በልቶ ተመልሶ እኛ እዚያው ነን። በመጨረሻ ያቺ ትርፍ ወታደር መንገድ አገኘች፣ እሳቸውም ንጉሣቸውን አስተኙ።

ግማሽ ነጥቡ የማን ነበር?

ስወጣ ደጃፉ ላይ አንድ የማከብራቸው ሰው «ኧረ ምነው አንተ ልጅ፣ የሽማግሌ እጅ ይመለሳል እንዴ? አንተ እንደሁ የትም አትሄድ» አሉኝ። ቤት ስደርስ እናቴም ሰምታለች፤ ማርቆስ ወሬ ከባጃጅ ይቀድማል። ቼዝ አታውቅም። «ግማሹን ብትሰጣቸው ምን ትሆን ነበር?» አለችኝ። ምንም አልሆንም ነበር። ይህ ነው መጥፎው ነገር፤ ምንም አልሆንም ነበር።

ግን ሳስበው ግማሹ የእኔ አልነበረም። ከመምህሩ ኋላ አንድ ልጅ አለ፣ የራሱን ጨዋታ ጨርሶ ግድግዳ ተደግፎ የእኛን ቦርድ የሚያይ። እኔ ከአክብሮት የተነሳ እጅ ብጨብጥ የምሰጠው የእሱን ቦታ ነው። የራስን ነገር መስጠት ደግነት ነው፣ የሰው ነገር መስጠት ግን ሌላ ስም አለው። ይህን ለእናቴ ነገርኳት። «ልጁን ታውቀዋለህ?» አለችኝ። አላውቀውም። «ጋሼንስ?» ዝም አልኩ። የእሷ ክርክር በዚህ ያበቃል፣ ቀላልም አይደለም።

ቼዝ ራሱ ይህ ነገር ያስጨንቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሶፊያ ላይ የተደረገ ትልቅ ውድድር ተጫዋቾች እርስ በርስ ተነጋግረው አቻ እንዳይለያዩ ከለከለ፤ ከዚያ ወዲህ «የሶፊያ ሕግ» ይባላል። ሌላ ቦታ ደግሞ ይህን ያህል እርምጃ ሳይሞላ አቻ መጠየቅ አይቻልም ይላሉ። ምክንያቱ ተመልካች ብቻ አይደለም። አንዱ ሰላም ሲያወርድ የሌላው ውጤት ይለወጣል።

ሽምግልናውስ ላላችሁኝ፣ እሱንም አስቤዋለሁ። እኛ ጋ ሽማግሌ ተቀምጦ ሲያስታርቅ አይታችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ አንዱ ይናገራል። ሳይቋረጥ። ከዚያ ሌላኛው ይናገራል። ማን ምን በደለ፣ ማን ምን ጎደለበት፣ ሁሉም አፍ አውጥቶ ከተሰማ በኋላ ነው ፍርዱ የሚመጣው። ገና ቃል ሳይሰማ «በሉ ተሳሳሙ» የሚል ሽማግሌ አላየሁም። እኔና መምህሩ ያን ሰዓት ምን ተባብለን ነበር? እሳቸው ያሉትን እኔ ስደግም ነው የቆየሁት። የሚታረቅ ነገር ገና አልመጣም ነበር። የመጣው ፈረሱ ሲነሳ ነው፣ ያኔ ደግሞ እርቁ እኔ እንዳልናገር ሆነ።

እንዲህ እላለሁ፣ እናም በጨዋታው ሕግ ልክ ነኝ። ግን የተዘረጋ እጅ በሕግ አይታጠፍም።

እኩልነት ያልነበረው እኩልነት

ከሁሉም የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሻይ ቤት ሆነን ስንደግመው መምህሩ ያሳዩኝ ነገር።

«አየህ፣» አሉኝ፣ «ሩኩን መጀመሪያ የበላሁት እኔ ነኝ። አንተ ቀድመህ ብትበላና ሁለቱም ሩኮች ቢወጡ፣ መጨረሻ ላይ መልሶ የሚበላው የአንተ ፈረስ ነበር። ከኤፍ6 ተነስቶ ኢ8 ላይ ይቀመጣል። ያኔ ኤች7 ይራቆታል፣ በቢሾፔ እበላዋለሁ፣ ንግሥቴም ከኋላ አለች።» ደርድረን አየነው። ልክ ናቸው። ቁጭ አንድ ዓይነት ነው፣ የተገለበጠ ብቻ። ወታደሩን ያጣው ቀድሞ መለዋወጥ የጀመረው ነው። እኔ ስንቴ «ዕቃ ቶሎ ቶሎ ከተለዋወጥክ አቻ ይመጣል» ብዬ ለልጆች አስተምሬ ይሆን! ቦርዱ ግራና ቀኝ አንድ በሆነበት ሰዓት እንኳ የሚቸኩለው ሰው ነው የሚጎተተው። እሳቸው ሰላሙን ለማፍጠን ሩኮቹን አወጡ፣ ሩኮቹ ፈረሱን ይዘውት ወጡ።

«የፈሩት ይደርሳል» ማለት እንዲህ ነው መሰለኝ። በቼዝ ታሪክ የታወቀ ምሳሌም አለው። እ.ኤ.አ. በ1990 ማኒላ ላይ ሚካኤል ጉሬቪች በመጨረሻው ዙር ናይጄል ሾርትን በነጭ ገጠመ። አቻ ከወጣ ለዓለም ሻምፒዮንነት ማጣሪያው ያልፋል። የተጫወተው ምን መሰላችሁ? ይህንኑ ኤክስቼንጅ። ተሸነፈ። ያለፈው ሾርት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ከሻምፒዮኑ ካስፓሮቭ ጋር ለዋንጫው የተቀመጠውም እሱ ነው። ይህን ለመምህሩ ስነግራቸው ያውቁታል። «ታዲያ እያወቁ ለምን ተጫወቱት?» አልኳቸው። «አንተም እኮ እያወቅክ ትቀዳኝ ነበር» አሉኝ።

ወደ ጥያቄያቸው ስመጣ፣ እሳቸው ያሰቡትን ነግረውኛል። ፈረሱን ሲያነሱ ኤች2 ታያቸው። መመለስ አይቻልም፣ ሌላ የሚበላ የለም። የቀራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው እርቅ ሲቀርብለት ቦርዱን ትቶ የጠያቂውን ፊት ያያል። ዐይኔን ከቦርዱ ሊያነሱት ነበር የፈለጉት። ዝም ቢሉኝ ግን፣ ዝም አይነቅዝም፣ እኔ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ንግሥቴን አንድ ቦታ ወሸቅ አድርጌ አልፌ ይሆናል። ወይም ደግሞ፣ አሁን የምቀዳው እርምጃ ስላልነበረ፣ ቀና ብዬ ማሰብ ግድ ይሆንብኝና አየው ነበር። ሁለቱንም ማመን እችላለሁ። እንደ ቀኑ ነው። ደህና እንቅልፍ የተኛሁ ቀን «አየው ነበር» እላለሁ።

እጃቸውን መለስኩት፣ የእጃቸውን መረጃ ግን ወሰድኩት። ጓደኛዬ «ጥያቄም እርምጃ ነው፣ ሲጫወቱት አይተህ ተጫወትክ» ይለኛል። በዚህ እስማማለሁ። ቢሆንም ወታደሩን ከመብላቴ በፊት «ይቅርታ ጋሼ፣ ልጫወት» ብል አንድ ሰከንድ ነበር የሚወስድብኝ፤ አሁን እንደዚያ ነው የማደርገው።

መምህሩ ባሕር ዳር አልሄዱም፣ ልጁ ሄደ። ከወራት በኋላ እዚያው ማርቆስ በትንሽ ውድድር እንደገና ተገናኘን። አሁንም ነጭ ደረሳቸው። ፍሬንች ተጫወትኩ። ሦስተኛው እርምጃ ላይ በሉ፣ በላሁ። በሆዴ «መጣን ደግሞ» አልኩና አራተኛው እርምጃ ላይ ፈረስ እንዲያወጡ ጠበቅኩ። እሳቸው ፈረሱን ትተው የሲ ወታደራቸውን ሁለት ቤት ገፉት፣ ሲ4፣ ቀጥታ ዲ5 ላይ ወዳለው ወታደሬ። ይህ ሞንቴ ካርሎ የሚሉት ነው፣ ግራና ቀኙን እዚያው ይሰብረዋል። ልቅዳው ብል አይቀዳም፤ እኔም ሲ5 ብል የእኔው ወታደር ቀድሞ ይበላል። ቀና ብዬ አየኋቸው፣ ወረቀታቸው ላይ እየጻፉ ነው። ብዙ ካሰብኩ በኋላ በላሁት። ቢሾፓቸው ወዲያው ሲ4 ላይ ወጥቶ ኤፍ7ን ማየት ጀመረ። የቀረውን ባልነግራችሁ ይሻላል፤ ምሳ ሰዓት እንኳ አልደረሰም ነበር።